መጀመሪያ እርማት፣ ከዚያ ሌላው፦ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች፤ ለዜና አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ ሰው ዜና ማመን ስለማቆሙ

የተከበራችሁ የባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ለዓመታት ጋዜጣ ላይ የሰው ዜና ሳርም ኖሬአለሁ። አሁን ከሙያው ወጥቼ እንደማንኛውም ሰው ዜና አዳማጭ ሆኛለሁ። የፓርቲ አባል አይደለሁም። ክስ የለብኝም፣ የታገደ ጣቢያም የለኝም። ስለዚህ ለራሴ የምጠይቀው ነገር የለም። የምጽፈው ስለ ሕጉ ነው፤ በተለይ ስለማትጠቀሙበት የሕጉ ክፍል።

በቀጥታ ልግባ። ዛሬ አንድ ነገር ሲፈጠር ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ከየት ነው? ከቴሌግራም ነው። ቀጥሎ ፌስቡክ ይከፍታል። ከዚያ ቲክቶክ ላይ አንዱ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲተነትነው ያያል። ልቡ ካላረፈ ዋሽንግተን ላለው ዘመዱ ይደውላል። "እናንተ ጋ ምን ተባለ?" ይለዋል። ዘመድየውም "እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር" ይላል። ሁለቱም ያነበቡት ያንኑ አንድ ልጥፍ ነው። ማታ ቴሌቪዥን ሲከፈት ዜናው በስብሰባ ይጀምራል፣ በጉብኝት ይቀጥላል፣ በአየር ጠባይ ያልቃል። ቀን ሙሉ ሲወራ ስለዋለው ነገር አንድ ቃል የለም።

ሰውም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ዝም ካሉ "እውነት ባይሆን ዝም አይሉም ነበር" ይላል። ካስተባበሉ ደግሞ "ካስተባበሉትማ እርግጥ ነው" ይላል። በዚህ አካሄድ መንግሥት የቱንም ቢያደርግ አያሸንፍም። ጋዜጠኛም አያሸንፍም። የሚያሸንፈው መጀመሪያ የለጠፈው ሰው ነው።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ሕግ ሁለት ዓይነት ሥልጣን ይዟል። አንዱ ይቀጣል፦ እገዳ፣ ፈቃድ መሰረዝ፣ ክስ። ሌላው ደግሞ ነገሩን ገላልጦ ያሳያል፦ እርማት፣ መልስ የመስጠት መብት፣ መረጃ የማግኘት መብት። የመጀመሪያው ዕለት ዕለት ይሠራል። ሁለተኛው ከነጋሪት ጋዜጣ ብዙም አልወጣም። ሰው ዜና እንዲያምን የሚያደርገው ግን ሁለተኛው ነው።

የመጋቢት 2017ን ነገር ላንሳ፤ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ኢቢኤስ ቴሌቪዥን "አዲስ ምዕራፍ" በተባለ ፕሮግራሙ አንዲት ወጣት አቀረበ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች መታገቷንና መደፈሯን ተናገረች። ያየ ሁሉ አለቀሰ። አገር ተንጫጫ። በቀናት ውስጥ ጣቢያው "ታሪኩ እውነት ሆኖ አላገኘነውም" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቪዲዮውንም ከዩቲዩብ አነሳ። መሥሪያ ቤታችሁ ፕሮግራሙን አገደ። ፖሊስ ደግሞ 7 የጣቢያውን ሠራተኞች አሰረ። የተጠረጠሩት በሽብር ነው ተባለ። ፍርድ ቤትም የ14 ቀን የምርመራ ጊዜ ፈቀደ።

ለጣቢያው ጥብቅና አልቆምም። ስህተቱ ትልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ክስ አየር ላይ ከመዋሉ በፊት ዩኒቨርሲቲው ይደወልለታል። የአካባቢው ፖሊስ ይጠየቃል። የሕክምና ወረቀት ካለ ይታያል። አብረዋት የተማሩ ልጆች ይፈለጋሉ። አርታኢ የሚባል ሰው ደሞዝ የሚበላው "ይህን ማን አረጋገጠው?" እንዲል ነው። እንባ ማስረጃ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ የሚገኘው ቪው ደግሞ ጭራሽ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ጣቢያ ይህን ካላደረገ መጠየቅ አለበት፤ በዚህ አንከራከርም።

ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ቪዲዮው ሲነሳ ምን ቀረ? ቲክቶክ ላይ ተቆራርጦ የተበተነው ቀረ። እሱን ማንም አላነሳውም። ይቅርታው ደግሞ መቼ መጣ? አገሩ ሁሉ በተቆጣበት፣ እስር በተሰማበት ሰሞን። ስለዚህ ያመነው ሰው ጥቂት ነው። "ተገደው ነው" ያለው ብዙ ነው። በመጀመሪያው ታሪክ ያለቀሰ ሰው በሁለተኛው ታሪክ ሐሳቡን አልቀየረም፤ አዲስ ጥርጣሬ ጨመረበት እንጂ። እኔ ራሴ በዚያ ሳምንት ካነጋገርኳቸው ሰዎች መካከል "ጣቢያው ተሳስቶ ነበር" ብሎ ነገሩን የዘጋ አላገኘሁም። ወይ "ታሪኩ እውነት ነው፣ አፈኑት" ይላሉ፤ ወይ "ሆን ተብሎ የተሠራ ሴራ ነው" ይላሉ። "አንድ የዜና ድርጅት ሥራውን በትክክል ሳይሠራ ቀረ" የሚለው ቀላሉ ማብራሪያ የትም ቦታ አላገኘም።

ሁሉም ነገር ሴራ የሚመስለው ፖሊስ ሲገባበት ነው። ስህተት በእርማት ሲዘጋ ስህተት ሆኖ ይቀራል። በሽብር ምርመራ ሲታይ ግን የአገር ምስጢር ይመስላል። ሰውም "ይህን ያህል የተንቀሳቀሱት አንድ የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው" ይላል።

ሕጉ ይህን ቀድሞ አይቶት ነበር። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጽሟል የተባለ ሰው ለምርመራ ተብሎ ሳይታሰር በቀጥታ ክስ ይመሥረትበት ይላል። ይህ እንዲሁ የገባ አንቀጽ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። ጋዜጠኛ ይያዛል፤ ቀጠሮ ይጠየቃል፤ ይሰጣል፤ ሌላ ቀጠሮ ይጠየቃል። ክስ ሳይመሠረት ወራት ያልፋሉ። ቅጣቱ ቀጠሮው ራሱ ነበር። አዋጁ ይህን በር ዘጋ። ፖሊስ ግን "ጉዳዩ የመገናኛ ብዙኃን ሳይሆን የሽብር ነው" ባለ ቁጥር በሩ ተመልሶ ይከፈታል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ምክንያት በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ደግሞ አንቀጹ ከነጭራሹ የተረሳ መሰለ። ጋዜጠኞች አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ድረስ ተወስደው ያለ ክስ ወራት ቆዩ።

ፖሊስን ወይም ፍርድ ቤትን እንደማታዙ አውቃለሁ። ግን አዋጁን የምታስፈጽሙት እናንተ ናችሁ። አንቀጹ ሲታለፍ "ይህ እኛ የምናስፈጽመው ሕግ ላይ የለም" የሚል አንድ ገጽ መግለጫ ለማውጣት የሚከለክላችሁ የለም። እስካሁን እንዲህ ያለ መግለጫ ለማንበብ አልታደልኩም።

ወደ ሌላው አዋጅ ልሂድ፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል ወደወጣው ቁጥር 1185/2012። ይህ አዋጅ ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት ይታሰራል ወይም እስከ 50 ሺህ ብር ይቀጣል ይላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ፣ በብሮድካስት ወይም በሕትመት ከሆነ እስሩ እስከ 3 ዓመት፣ ገንዘቡ እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ሰዎች ከዚህ አዋጅ የሚያስታውሱት ይህችን 5,000 ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እዚያው አዋጅ ውስጥ አንድ ግሩም ነገር አለ። ተናጋሪው በነበረበት ሁኔታ የመረጃውን እውነተኝነት ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ካደረገ ጥፋተኛ አይባልም። ነገሩ ዜና ሳይሆን የፖለቲካ ትችት ከሆነም እንዲሁ።

የጋዜጠኝነት ሙያ በሙሉ እዚያች "ተገቢ ጥረት" የምትል ሐሳብ ውስጥ አለ። ጋዜጠኛ እውነቱን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። ፍርድ ቤት እንኳ ምስክር አስገድዶ እያስመጣ፣ መዝገብ እያገላበጠ አንዳንዴ ይሳሳታል። ጋዜጠኛው ያለው ስልክና ጥቂት ሰዓት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው "ልክ ነበርክ ወይ?" ተብሎ ብቻ ሳይሆን "ልክ ለመሆን ምን አደረግህ?" ተብሎ ነው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም አንድ የምናውቀው ነገር ልጥቀስ። ይመራል፣ ግን መጥቀስ አለብኝ። በኅዳር 2013 አክሱም ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች በኤርትራ ወታደሮች ተገደሉ። በዚያን ጊዜ ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ወሬው በስደተኛና በዘመድ አፍ እየተንጠባጠበ መጣ። የኤርትራ ጦር ትግራይ ውስጥ መኖሩም በይፋ ይካድ ነበር። ጉዳዩን የጻፉ ሰዎች ሐሰተኛ ተባሉ፣ ከሃዲ ተባሉ። በመጋቢት 2013 ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው የኤርትራ ጦር መግባቱን አመኑ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አክሱም ላይ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን በሪፖርቱ አረጋገጠ።

እንግዲህ አስቡት። በታኅሣሥ ወይም በጥር ይህን ዘገባ ያወጣ ሰው በይፋ በሚነገረው ሚዛን ሐሰተኛ ነበር። በመጋቢት እውነተኛ ሆነ። ሰውየው አልተለወጠም፤ ዘገባውም አልተለወጠም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። ሕግ አስፈጻሚ ለዚህ "እያደር" ለሚለው ጊዜ ካልሰጠ፣ ሐሰት የሚባለው ነገር የዛሬው መግለጫ የማይደግፈው ሁሉ ይሆናል። ያኔ የተሰደበው ዘጋቢ ይቅርታ አልተጠየቀም። ይኸው እርማት ያልኩት ነገር በዚህም በኩል ያስፈልግ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቤቱ ለቅሶ ተቀምጦ ለነበረው ሰው።

ይህን ያነሳሁት ቁስል ለመነካካት አይደለም። ያ ወቅት ዜና ላይ ያለንን እምነት ክፉኛ ስለጎዳው ነው። ትግራይ ያለው ሰው የአዲስ አበባን ጣቢያዎች ማመን አቆመ። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ የውጭዎቹን ማመን አቆመ። ውጭ አገር ያለው ወገናችን በየጎራው የራሱን ዩቲዩብ ከፈተ። አምስት ሰዎች ስለ አንድ ቀን አምስት ዓይነት ዜና አላቸው። ይህን መልሶ የሚያቀራርብ አዋጅ የለም። የሚያቀራርበው "ያኔ እንዲህ ብለን ነበር፣ ልክ አልነበርንም" የሚል ድምፅ ነው፤ ከየትኛውም ወገን ይምጣ።

አሁን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ግልባጭ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

"ተገቢ ጥረት" የሚባለው ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ዘጋቢው ይደውላል። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ይባላል። ከሰዓት ይደውላል። "መስክ ወጥተዋል።" በነጋታው ይደውላል። "በደብዳቤ ጠይቁ።" ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። "ጥያቄዎቹን ዘርዝራችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ አምጡ።" ማኅተም አድርጎ ይመለሳል። "ተመርቶለታል" ይባላል። ወደ ማን እንደተመራ የሚያውቅ የለም። እኔ ዴስክ ላይ በነበርኩበት ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ለጥያቄያችን መልስ የሰጠው ዜናው ከወጣ በኋላ ነው፤ መልሱም "ለምን ሳታጣሩ ጻፋችሁ?" የሚል ነበር። ደብዳቤያቸው በጣም ፈጥኖ ነው የደረሰን። ለካ ሲፈልጉ ይችላሉ።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ስለ መገናኛ ብዙኃን ያለው ክፍል በ1238 ተሽሯል። መረጃ ስለ ማግኘት ያለው ክፍል ግን አልተሻረም። በእሱ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጠየቀውን መረጃ በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ከከለከለም ምክንያቱን ይናገራል። ጠያቂው ጋዜጠኛ መሆን የለበትም፤ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ላይ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ከፕሬስ ነፃነት ጋር አብሮ አስቀምጦታል፤ ቅድመ ምርመራን ደግሞ ከልክሏል።

አዋጁ ከወጣ 17 ዓመት አልፎታል። የመረጃ ጥያቄ አልመለስክም ተብሎ በአደባባይ የተወቀሰ ኃላፊ ስም ጥሩ ብትሉኝ አንድም አልጠራ። ሳያጣራ ጻፈ ተብሎ የታሰረ ጋዜጠኛ ግን ለመቁጠር ያደክማል። በአንድ በኩል መረጃ የሚከለክል ሰው አይጠየቅም፤ በሌላ በኩል መረጃ ያላገኘው ሰው ይታሰራል። እንዲህ እየሆነ "ሐሰተኛ መረጃ በዛ" ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

ወደ እናንተው ልመለስ።

አዋጅ 1238 ሲወጣ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። በመገናኛ ብዙኃን የተፈጸመ ስም ማጥፋት ከወንጀልነት ወጥቶ በፍትሐ ብሔር የሚታይ ሆነ። የመሥሪያ ቤታችሁ ቦርድ ከመንግሥት ብቻ ሳይሆን ከሲቪል ማኅበረሰብና ከመገናኛ ብዙኃኑም ሰው እንዲኖረው ተደረገ፤ የቦርዱ አባል የፓርቲ አባል እንዳይሆን ተባለ። ያ ጊዜ ራሱ ሌላ ነበር። በሚያዝያ 2011 የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከብሯል። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት በሚያወጣው ደረጃ ኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ150ኛ ወደ 110ኛ ዘላ ነበር። በ2017 ያወጣው ላይ 145ኛ ናት። በስድስት ዓመት ተነሥተን ወደ ነበርንበት ተጠግተናል።

ከዚያ ሚያዝያ 2017 መጣ። የኢቢኤስ ነገር ገና ከሰው አፍ ሳይጠፋ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አሻሻለ። ፈቃድ የመሰረዝና የመሳሰሉት የቦርዱ ሥልጣኖች ወደ እናንተ መሥሪያ ቤት ተላለፉ። የፓርቲ አባልነትን የሚከለክለው ድንጋጌም ወጣ። የዋና ዳይሬክተሩ ሹመትም ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ። የተሰጠው ምክንያት አሠራርን ማቀላጠፍ ነው። ይቀላጠፋል፤ አይካድም። አንድ ሰው ሲወስን ሁልጊዜ ይፈጥናል። እኔ የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ አይደለም። ነገ ትክክለኛ ውሳኔ ብትወስኑ እንኳ ማን ያምናችኋል? በእውነት ሕዝብ የሚያሳስት ጣቢያ ብታግዱ፣ ሰው የሚያየው ከመንግሥት የተሾመ ኃላፊ መንግሥትን የነካ ጣቢያ ሲያግድ ነው። ገለልተኛ ቦርድ ለጋዜጠኛው ብቻ የቆመ አልነበረም። እናንተንም ከሐሜት ያድናችሁ ነበር።

የእገዳዎቻችሁንም ነገር አንሥቼ ልለፍ። በሐምሌ 2013 አዲስ ስታንዳርድ የተባለውን የዜና ድረ ገጽ ፈቃድ አገዳችሁ፤ ብዙም ሳይቆይ መለሳችሁ። በጥቅምት 2018 ደግሞ የዶቼ ቬለ አማርኛ ዘጋቢዎች ሥራ እንዲያቆሙ ወሰናችሁ። የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 በዋሽንግተን ውሳኔ ሥርጭቱ ሲቋረጥ፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ይከፍት የነበረ የገጠር ሰው አንድ ጣቢያ አጥቷል። ከዚያ የቀረውንም ማጥበብ ተጨመረበት። እነዚህ ጣቢያዎች አይሳሳቱም አልልም፤ ይሳሳታሉ። ግን የትኛው ዘገባ፣ የትኛው አረፍተ ነገር፣ በምን ማስረጃ ስህተት እንደሆነ ሕዝብ እንዲያየው ተዘርግቶ አልቀረበም። "የሙያ ሥነ ምግባር ጥሰት" ማለት ለአድማጭ ምንም አይነግረውም። አድማጭ ዳኛ መሆን ይፈልጋል፤ መዝገቡን ስጡት።

የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነገርም አለ። ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ሆኖ ይመራል ይላል። ይህ ምኞት አይደለም፣ ሕግ ነው። የግል ጣቢያ ላይ የምትጠቀሙበትን መለኪያ አንድ ሳምንት በመንግሥት ጣቢያ ዜና ላይ ሞክሩት። ስሙ የተነሳ ሰው መልስ እንዲሰጥ ተደርጓል ወይ? ተጠርጣሪን "ወንጀለኛ" ብሎ ያቀረበ ዘገባ አለ ወይ? ፍርድ ቤት ሳይፈርድ በጥናታዊ ፊልም የተፈረደበት ሰው አለ ወይ? እነዚህ ፊልሞች እንዴት እንደሚሠሩ አንዱን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሙዚቃው ሲጀምር ብይኑ አልቋል።

ለቀድሞ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። "ሕጉ ነው የጨቆነን" ማለት ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የእኛ ነው። አበል ያለበት መግለጫ ላይ ወንበር ይጠፋል፤ የፍርድ ቤት ችሎት ላይ ግን ሁለት ሰው አይገኝም። የአየር ሰዓት ለሸጥንለት ሰው ፕሮግራም ኃላፊነት አንወስድም። "ሰበር ዜና" የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ለሹመትም ለእግር ኳስም አድርገነው ዋጋ አጣ። ስንሳሳት ደግሞ ልጥፉን በጸጥታ እናጠፋለን። ይህች የማጥፋት ልማድ ከሁሉም የከፋች ናት። አንባቢው ስክሪንሾት ይዟል እኮ! ያጠፋነውን እያሳየ "እነዚህ ሰዎች ሲዋሹ ተያዙ" ይላል። "ትናንት እንዲህ ብለን ነበር፤ ስህተት ነው፤ ትክክሉ ይህ ነው፤ የተሳሳትነውም በዚህ ምክንያት ነው" ብንል ኖሮ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም ነበር።

እርማት ያስከብራል እንጂ አያዋርድም የሚለውን ሐሳብ ዜና ክፍል ውስጥ ማስገባት ግን ከባድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዛሬ ስህተቱን ያመነ ጋዜጠኛ ነገ ያ ማመኑ የክስ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ስለዚህ ጠበቃው "ዝም በል" ይለዋል። ዝም ሲል አንባቢ ያጣል። ሲያርም ነፃነቱን ያጣል። ይህን ቋጠሮ መፍታት የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ደብዳቤውን ለእናንተ ያደረግኩትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። በግልጽና በጊዜ፣ ስህተቱ በቀረበበት ሰዓትና ቦታ እርማት ያወጣ የዜና ድርጅት በዚያ ስህተት ምክንያት ከእናንተ በኩል እገዳ እንደማይደርስበት መመሪያ አውጡ። በቸልታ የተሠራ ነገር ከሆነ በገንዘብ ይቀጣ፤ የተጎዳ ሰው ካለ በፍትሐ ብሔር ካሣ ይጠይቅ። ፈቃድ መንካት የመጨረሻው ይሁን። ፖሊስ ደግሞ ጉዳዩ የዘገባ ስህተት በሆነ ቁጥር መጀመሪያ እናንተን ይጠይቅ፤ እናንተም የምትመልሱለትን መልስ አትሙት።

ሁለተኛው ቀላል ነው። አንድ ጋዜጠኛ ለአንድ መሥሪያ ቤት ጥያቄ አቅርቦ መልስ ካላገኘ፣ ያ ጥያቄ የተላከበት ቀንና የተላከለት መሥሪያ ቤት እንደ "ተገቢ ጥረት" ማስረጃ እንደሚቆጠር በጽሑፍ አስታውቁ። በአዋጁ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ አዲስ ሕግ አልጠየቅኩም። ከእንባ ጠባቂ ተቋም ጋር ሆናችሁም 30 ቀን ያለፋቸውን ጥያቄዎች በየሦስት ወሩ በመሥሪያ ቤት ስም አውጡ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች ስልክ ማንሳት እንዴት በአንድ ጊዜ እንደሚለምዱ ታያላችሁ።

የምትወስኑትን እገዳም ሆነ ማስጠንቀቂያ ሙሉ ጽሑፉን፣ የተባለውን ዘገባና የጣቢያውን መልስ አብራችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አስቀምጡ። መገናኛ ብዙኃኑ ራሳቸው ያቋቋሙት የመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤትም ቅሬታ የሚቀበልበትን መንገድ ሰው እንዲያውቀው አግዙ። ብዙ ሰው ስሙ በሐሰት ሲነሳ የት እንደሚሄድ አያውቅም። ወይ ፖሊስ ጋ ይሄዳል፣ ወይ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ይሳደባል።

ቦርዱን በተመለከተ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀውን እናንተ መሻር አትችሉም። ግን በዓመታዊ ሪፖርታችሁ ላይ "ይህ ማሻሻያ ውሳኔዎቻችንን ሰው እንዳያምን አድርጎብናል" ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ የምታቀርቡት እናንተ ናችሁና።

መልሳችሁን በደብዳቤም ሆነ በፌስቡክ ገጻችሁ እጠብቃለሁ። እንደማንኛውም የመረጃ ጥያቄ ቆጥራችሁ በ30 ቀን ውስጥ ብታደርሱኝ ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቀድሞ የጋዜጣ አርታኢ፣ አዲስ አበባ